ዘጠነኛው ቅርንጫፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በጆሮዬ ብቻ አልነበረም፤ በእግሬም ነበር። ይህን የምለው ነገር ለማሳመር አይደለም። ቦንጋ ውስጥ ተከራይተን በኖርንበት ግቢ ተረት የሚነግሩኝ ሰው፣ አድማጫቸው ካልተራመደ ተረቱን እዚያው ያቆሙት ነበር። ቁጭ ብሎ አፍ ከፍቶ መስማት እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ማጨብጨብ ካለብኝ ቦታ ካላጨበጨብኩ፣ እግሬን መምታት ካለብኝ ቦታ ካልመታሁ፣ በእጃቸው የያዙትን የቀርከሃ ስንጥር ወደ መላግ ይመለሱና እኔ መኖሬንም የረሱ ይመስላሉ።

ከአባቴ ጋር ወደ ቦንጋ የሄድነው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ በሞተች በአራተኛው ወር አባቴ ዝውውር ጠየቀ። የቡና ባለሙያ ነበርና ከፋ ደረሰው፤ እሱ ግን የትም ቢሆን ግድ አልነበረውም፣ ሩቅ ይሁን እንጂ። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከጅማ ወዲያ ስላለው መንገድ የማስታውሰው ደንና ጭጋግ ብቻ ነው። አባቴ መንገዱን ሙሉ ከአምስት ቃል በላይ የተናገረ አይመስለኝም፤ ሁለቱ «ውሃ ጠጪ» የሚሉት ነበሩ።

የተከራየነው አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከፊቷ እንሰት፣ ከኋላዋ ደግሞ እንሰት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለት ሰዎች ቢነጋገሩም አይደማመጡም፤ እኛ ግን ዝናቡ ሲያባራም አንነጋገርም ነበር። አባቴ ጠዋት ወጥቶ አንዳንዴ ዋጫ፣ አንዳንዴ ሺሺንዳ ድረስ ገበሬዎች ጋ ይሄዳል፤ ሲመሽ ቦት ጫማው በጭቃ ተለውሶ ይመለሳል። እግሬን ያጥበኛል፣ ያበላኛል፣ ፀጉሬን እንደሆነለት ይጎነጉነዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም እንደሱ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ብቻ ቃል አልቆበት ነበር።

የሠፈሩ ልጆች የሚጫወቱት በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፤ እኔ አንድም አልሰማ። ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል፣ ሲጠሩኝ የሚሰድቡኝ ይመስለኛል። እነሱም ቢሆኑ ጥቂት ቀን ሞክረውኝ ተውኝ። ያኔ ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ መሰጠት ጀምሮ ስለነበር አንደኛ ክፍል ስገባም ነገሩ ያው ሆነ። መምህሯ ስታስተምር አፏን አያለሁ፤ አርባ ምናምን ልጅ በአንድ ድምፅ ሲመልስ አፋቸውን አያለሁ። በዚህ መሃል ሳላስበው አማርኛውንም ተውኩት። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ዝም አልኩ፣ ቀጥሎ በመንገድ፣ ቀጥሎ ቤት። አባቴ ሳይጠይቀኝ ስለሚያደርግልኝ የምናገርበት ምክንያትም አልነበረኝ። ዛሬ ሳስበው ከሐዘኑ ይልቅ የሚገርመኝ ዝምታው እንዴት ቀላል እንደነበረ ነው። አንዴ ከገቡበት እንደ ሞቀ አልጋ ነው፣ መውጫው ይከብዳል።

የግቢው ባለቤት ጋሽ ቆጭቶ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንኪራ ደን ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረው፣ አንድ ቀን ከዛፍ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ስለገጠመ ከዚያ ወዲህ ዛፍ አልወጡም፤ ከተማ ገብተው ለሌሎች ቀፎ ይሠሩ ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ገበያ ውለው እስኪመለሱ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዳስ ሥር ይቀመጣሉ። ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ፣ ይጠርባሉ፣ ያስራሉ፣ በእንሰት ቅጠል ይጠቀልላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ያለቀውን ቀፎ ፍም ላይ ዘቅዝቀው ጥሩ ሽታ ባለው ቅጠል ያጥኑታል፤ ንብ ያልታጠነ ቤት አይገባም ይሉ ነበር። ጭሱ መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ኋላ ግን ጣፋጭ ነው፤ ልብሴ ላይ ስለሚቀር ሌሊት ስተኛ እንኳ ይሸተኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴን በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ጠሩኝ። አማርኛቸው የተማሩት አማርኛ አልነበረም፤ እኔን ሴቲቱን ልጅ «ና» ይሉኝ ነበር፣ እኔም እሄድላቸው ነበር። «እግር አለህ፤ እኔ የለኝም። እግርህን አበድረኝ፣ ተረት እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ምንም የቀልድ ምልክት አልነበረም። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ቁም ነገር ያለው ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ተስማማሁ፤ ማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

ተረቱ እንዲህ ነው። ሰዎች ማሩን ሁሉ ቆርጠው ለንቦቹ ምንም ሳያስተርፉ ስለቀሩ ንቦቹ ተቆጥተው ሄዱ። የሄዱት ደኑ ውስጥ ካለው ዛፍ ሁሉ ወደሚረዝመው ነው። አገሩ ማር አጣ፤ በሽተኛው መድኃኒት፣ ሙሽራው ጠጅ አጣ። ትልልቆቹ ሰዎች ስለሚያፍሩ አንዲት ትንሽ ልጅ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተላከች። እዚህ ላይ ጋሽ ቆጭቶ በቀርከሃው መሬቱን ያንኳኳሉ፤ እኔ ደግሞ ዛፉን እወጣለሁ። የምወጣው ዳሱ ሥር ቆሜ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ማለት ቀኝ እግር መምታት፣ ግራ እግር መምታት፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መጨበጥ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እሳቸው በካፊኖኖ ይቆጥሩታል፦ ኢኮ፣ ጉቶ፣ እያሉ። ዘጠነኛው ቅርንጫፍ ላይ ግን የንቦቹ ዘበኞች አሉ። እዚያ ትንፋሽ ይያዛል፣ ቃል አይወጣም፣ እግር አይነሳም። ዘበኞቹ ጭሱን ሸትተው እስኪረጋጉ ይጠበቃል። ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ የሚያውቁት ጋሽ ቆጭቶ ብቻ ናቸው፤ ጭሱን ያያሉ፣ ቀፎውን ያዞራሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ውጣ» ይላሉ። ያኔ ነው አሥረኛው የሚረገጠው። ዛፉ ሠላሳ ቅርንጫፍ ነበረው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አራተኛው ላይ እሳሳትና ወደ መሬት ያወርዱኛል። አልቆጣም ነበር፣ እሳቸውም አይቆጡም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ከሥር ያስጀምሩኛል። አንድ ምሽት ሳል ይዟቸው መቁጠር ሲያቅታቸው ቆጠራው ሳይቋረጥ ቀጠለ። ማን እንደቀጠለው ለማወቅ ዘወር ብዬ ሁሉ አየሁ፤ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ሻካራ ሆኖ ነበር። እሳቸው «አፍ አወጣህ» ወይም «ምን ጉድ ነው» አላሉም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መቁጠሩን ለእኔ ተዉት። ላይ ስደርስ የንቦቹ እናት ለምን እንደመጣሁ ትጠይቀኛለች። እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ጋሽ ቆጭቶ ያንኑ በካፊኖኖ ይደግሙታል፣ እኔም ተከትዬ እላለሁ። ንቦቹ አንዳንድ ቀን ይመለሳሉ፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላሉ። እምቢ ባሉ ቀን ነገ ደግሞ መውጣት አለብኝ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ እምቢ እንዲሉ እመኝ ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ መምህርቴ ለአባቴ ወረቀት ላከችለት። መምህርት አስካለ የዚያው የቦንጋ ልጅ ነበረች፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ጃንጥላዋ የማይለያት። ወረቀቱን አባቴ ሁለቴ አንብቦ ኪሱ ከተተው። ምን እንደሚል ያወቅኩት አብሮት የሚሠራ ሰው ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ነው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስለማትናገር ፈተናውን ካላለፈች እንደማትቀጥል፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ደብረ ብርሃን ወዳለችው እህቱ ሊልከኝ እንዳሰበ አባቴ ነገረው። እንግዳው ራሱን እየነቀነቀ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለ። ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ፤ እኔን ያስፈራኝ ከአባቴ መለየት ነው። እናቴን የወሰዳት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ያልገባኝ ልጅ ነበርኩና፣ የሄደ ሰው ሁሉ አይመለስም ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ፈተናውን ማለፍ ነበረብኝ።

ፈተናው በአንድ በኩል ቀላል ነበር። ልጅ በተራ እየተጠራ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆማል፣ እጁን ያጣምራል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል። እኔ ሠላሳ ድረስ አውቃለሁ። ስሜ ሲጠራ ደስ እያለኝ ሄድኩ። እጄን ሳጣምር ግን ቁጥሩ ከየት እንደሚጀምር ጠፋኝ። እግሬን አነሳሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ኢኮ። ክፍሉ ሳቀ። መምህርት አስካለ ልጆቹን ዝም አሰኘችና ቀጥ ብዬ እንድቆም አዘዘችኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ጣቴን ጫማዬ ውስጥ እያንቀሳቀስኩ እንደምንም ዘጠኝ ደረስኩ። እዚያ ትንፋሼን ያዝኩ።

ማንም «ውጣ» የሚለኝ አልነበረም። መምህርቷን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ማለፍ እችል እንደነበር አውቃለሁ፤ አሥር የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ግን ዘጠነኛው ቅርንጫፍ ላይ ያልተፈቀደለት አይወጣም፤ ይህን ሕግ የማታውቅ መምህርት ትኖራለች ብዬ እንዴት ላስብ። መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ አንድ ነገር ጻፈችና ሌላ ልጅ ጠራች። እስከ ዘጠኝ ብቻ የምታውቅ ልጅ ሆኜ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ መምህርት አስካለ አባቴን ለማነጋገር ቤታችን ድረስ መጣች። አባቴ ገና አልገባም ነበር። ጋሽ ቆጭቶ በርጩማ ሰጥተዋት ዳሱ ሥር ተቀመጠች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ጃንጥላዋ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። እሳቸው የጀመሩትን ቀፎ ሊያጥኑ ፍሙን እየቆሰቆሱ ነበርና እንግዳ መጣ ብለው ሥራቸውን አላቋረጡም። ቀርከሃውን አንኳኩ። አፈርኩ፤ ወደ ቤት ልሮጥ ነበር። ግን ንቦቹ የዚያን ለት ከዛፉ ላይ ነበሩ፣ ትናንት እምቢ ብለው አድረዋል። ወጣሁ።

ዘጠኝ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጋሽ ቆጭቶ ቀፎውን ዘቀዘቁ፣ ጭሱ ጥቅል ጥቅል እያለ በዳሱ ስንጥቅ ወጣ። የዚያን ለት ምን ሆነው እንደዘገዩ አላውቅም፣ በጣም ዘገዩ። መምህርት አስካለ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሳቸውን፣ ከዚያ እንደገና እኔን አየች። እሷም ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ያወቅኩት «ውጣ» ባሉ ጊዜ እኩል ስለተነፈስን ነው። አሥርን ረገጥኩ፣ አሥራ አንድን ረገጥኩ፣ ሃያን አለፍኩት፤ ሠላሳ ላይ የንቦቹን እናት በካፊኖኖ ይቅርታ ጠየቅኳት። መምህርቷ ጃንጥላዋን መሬት ጥላ ተነሳችና ጎንበስ አለችልኝ።

«ያን ቀን እኔን ነበር የጠበቅሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ለእሷ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

አባቴ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ነገረችው። ልጅዎ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ትቆጥራለች፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ውጤቷን አስተካክላለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮም ክፍሉን በሙሉ ይህን ዛፍ አስወጣዋለሁ አለች። አባቴ አመሰገናት፤ በትሕትና፣ ጭቃውን እያየ፣ እስከ አጥሩ ሸኛት። እኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልፌአለሁ፤ እንግዲህ ማንም የትም አይልከኝም። ሰኞ ዕለትም ቃሏን ጠበቀች፤ አርባ ምናምን ልጅ የክፍሉን አቧራ እያስነሳ ዛፍ ወጣ፣ ዘጠኝ ላይ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ወደ እኔ ዞረ፣ «ውጣ» የማለቱ ሥልጣን የእኔ ሆነ። በእረፍት ሰዓት ሁለት ሴት ልጆች እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት የሚመስለኝን ያን ጓደኝነት አምስት ቀን ያህል አገኘሁት።

አርብ ማታ አባቴ ልብሴን ሲያጣጥፍ አየሁት። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ቅዳሜ ወደ ጅማ የሚሄድ የመሥሪያ ቤት መኪና እንዳለ፣ ጅማ ላይ አክስቴ ተቀብላኝ እንደምንሄድ፣ ደብዳቤውን ከጻፈላት እንደቆየ ነገረኝ። ይህን ሁሉ የተናገረው ለሹራቤ ነበር ቢባል ይሻላል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ነገሩ ያልገባው መሰለኝ። መምህርቷ የነገረችውን ረስቶታል፣ ወይም አላመናትም። ስለዚህ ላሳየው ተነሳሁ። ፋኖሱ አጠገብ ቆሜ «አባዬ፣ እየኝ» አልኩት። አየኝ። ቀኝ፣ ግራ፣ እጅ ወደ ላይ። ወለሉ ሳንቃ ስለነበር ድምፁ ከዳሱ ሥር ይልቅ ጎላ፤ ጥላዬ ግድግዳው ላይ እየተዘረጋ ወጣ። ዘጠኝ ላይ ቆምኩ።

አባቴ እያየኝ ነበር። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል፣ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል፣ እኔም አሁን ይላል፣ አሁን ይላል ብዬ ትንፋሼን እንደያዝኩ ቆየሁ። እስኪያመኝ ድረስ ቆየሁ። እሱ ግን ያለቀ መስሎት ኖሯል፣ ራሴን ዳበሰና «ጎበዝ» አለኝ፤ ከዚያ ወደ ሻንጣው ተመለሰ። ብቻዬን መቀጠል እችል ነበር። ሃያ አንድ ቅርንጫፍ ቀርቶኝ ነበር። አልቀጠልኩም።

ጋሽ ቆጭቶን በጠዋት ተሰናበትኳቸው። ቀፎ ላይ ነበሩ። ምን እንዳሉኝ ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኛል፤ የማስታውሰው እጃቸው የቀርከሃ ስንጥር ወግቶት ይደማ እንደነበርና እሳቸው ደሙን ሳያዩት እኔን ሲያዩ መቆየታቸውን ነው። ባለቤታቸው እትዬ አበበች በእንሰት ቅጠል የጠቀለሉትን ማር ሰጡኝ፤ መኪናው ውስጥ ፈሰሰብኝና ጅማ የደረስኩት ዝንብ ተከትሎኝ ነው።

አክስቴ ደግ ነበረች። ቤቷ ልጆች ይሞሉበታል፣ ጫጫታ ነው፣ አፌም ቶሎ ተፈታ፤ ኋላማ ዝም በይ የምባል ልጅ ሆንኩ። አባቴ ለበዓል ይመጣ ነበር፣ ማር ይዞ፣ አንድ ቀን አድሮ ይመለሳል። ለብዙ ዓመታት የተላክሁት ፈተና ወድቄ ነው ብዬ አምን ነበር። ያለፍኩትን ፈተና ማለት ነው። ሰው በስድስት ዓመቱ የያዘውን ነገር በሃያ ዓመቱ ማስረጃ ቢቀርብለት እንኳ አይለቅም። የጋሽ ቆጭቶን መሞት የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አንዴ ለሥራ ቦንጋ ሄጄ ግቢውን ስፈልገው ሌላ ቤት ተሠርቶበት አገኘሁት፣ በሩንም አላንኳኳሁም።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ከገባ በኋላ አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ጠየቅኩት። ካለፍኩ በኋላ ለምን ላከኝ?

«ዝም ያልሽው አንቺ አልነበርሽም» አለኝ። «እኔ ነበርኩ። ከእኔ ተማርሽው። አንቺ እንደገና መናገር ስትጀምሪ መልስ የሚሰጥሽ ሰው ቤት ውስጥ እንደሌለ አየሁ።»

አልተቆጣሁትም ብል ውሸት ነው፤ ተቆጣሁት። ሁለት ሳምንት አልደወልኩለትም። ከዚያ ግን ሚስቱ የሞተችበት፣ ፀጉር መጎንጎን በማያውቅ እጁ ጠዋት ጠዋት የሚታገል የሠላሳ ዓመት ሰው ታየኝ። እኔ ዛሬ ከዚያ ሰው በዕድሜ እበልጣለሁ።

አሁን መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። ልጆቼ ሲቆጥሩ ይዘላሉ፣ ፊደሉን በዜማ ይሉታል፣ ወለሉን ይረግጡታል፤ ከጎን ያለው ክፍል በየሳምንቱ ቅሬታ ያቀርብብናል። ወላጆችም ይመጣሉ፣ ልጃችን ጨዋታ እንጂ ትምህርት አልያዘም ይላሉ፣ እኔም አብራችሁ ዝለሉና እዩት እላቸዋለሁ። አንዳንድ ዓመት ደግሞ የማይዘል፣ የማይናገር ልጅ ይመጣል። ባልደረቦቼ ጆሮው ይመርመር፣ ምላሱ ይታይ ይላሉ፤ ደግ ምክር ነው፣ አስመረምራለሁ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ወላጁን አስቀምጬ ማታ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ማን ነው የሚያወራው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ በጥያቄው ይስቃሉ። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ሳይመልስልኝ ወለል ወለሉን ያያል። ያኔ ስለ ልጁ መጠየቄን እተወዋለሁ፤ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ እቀመጥና ስለራሱ እጠይቀዋለሁ።